ያላፏጨሁባቸው አዳራሾች

ከሰው ጋር ተቀምጬ ፊልም ማየት አልወድም። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ቢሰሙ አያምኑኝም፤ በመካከላቸው የምታወቀው በተቃራኒው ነውና። «ፊልም በስልክ አይታይም፤ ሶፋ ላይ ተጋድሞም አይታይም፤ ሲኒማ ማለት ከማታውቀው ሰው ጎን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠህ አብረህ መሳቅ፣ አብረህ መደንገጥ ነው» እያልኩ ቡና በተፈላበት ሁሉ ስከራከር የኖርኩት እኔ ነኝ። እዚህ ሜሪላንድ አዲስ ፊልም በወጣ ቁጥር ወዳጆቼ የሚደውሉት ለእኔ ነው። አይማክሱ ይሻላል ወይስ ዶልቢው? ስሪዲው ለተጨመረው ዋጋ የሚበቃ ነው? ድምፁ ጆሮ የማይበጥሰው የትኛው አዳራሽ ነው? በደስታ እመልስላቸዋለሁ። እኔ ራሴ ግን የምሄደው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ነው።

ትኬት የምቆርጠው በስልኬ ነው። የአዳራሹ ካርታ ይመጣልኛል፤ የተያዘው ወንበር በአንድ ቀለም፣ ያልተያዘው በሌላ። ሌላው ሰው መጀመሪያ የሚያየው መሃሉ ነጻ መሆኑን ነው። እኔ የማየው የተያዙት ወንበሮች የት የት እንዳሉ ነው፤ ከእነሱ የሚርቀውን እመርጣለሁ። ፊልሙ ሊጀምር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ካርታውን መልሼ እከፍታለሁ። አጠገቤ ሰው ገዝቶ ከሆነ ቅር ይለኛል፤ ያን ሰው አላየሁትም፣ ምንም አላደረገኝም፣ ግን ቅር ይለኛል።

ስለ ዘመናዊ ሲኒማ ቤቶችና ስለ መሣሪያዎቻቸው ለዓመታት ፍርድ ስሰጥ ኖሬያለሁ። ፈራጁ ይህ ከሰው የሚሸሽ ሰው እንደነበረ አስቀድሜ ሳልናገር ወደ ነገሩ መግባት አልችልም።

ዘመናዊው ባለ ብዙ አዳራሽ መልቲፕሌክስ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተመቸ ቤት ነው። ሲጀመር ይህ አልታሰበም ነበር፤ የታሰበው ወጪ መቆጠብ ነው። በ1963 (የፈረንጆች ነው፤ ለይቼ ካልተናገርኩ ከዚህ በኋላ ያሉትም እንደዚያው ናቸው) ስታንሊ ደርውድ የተባለው የካንሳስ ሲቲ ሰው በአንድ የገበያ ማዕከል ሁለት አዳራሽ ጎን ለጎን ከፈተ፤ አንዱ 400፣ አንዱ 300 ወንበር ነበረው። አንድ የትኬት መስኮት፣ አንድ የፈንዲሻ መሸጫ፣ አንድ የማሽን ክፍል ለሁለት ፊልም በቃ። በ1988 ብራስልስ ውስጥ ኪኔፖሊስ በ25 ስክሪን ሥራ ጀመረ። በ1995 ደግሞ ዳላስ ላይ 24 ስክሪን ያለው ቤት ተከፈተ፤ አሜሪካም ከዚያ በኋላ ይህንኑ ተከተለች። አዳራሹ በተባዛ መጠን ተመልካቹ ተከፋፈለ። የሕፃናቱ ፊልም ለሕፃናት፣ የሚያስፈራው ለወጣቶች፣ ጸጥ ያለው ለሽማግሌዎች፤ እያንዳንዱ ከመሰሉ ጋር ብቻ ተቀመጠ። ቀጥሎ ወደ ኋላ የሚዘረጋው ሰፊ ወንበር መጣ። እሱን ለማስገባት በአንዳንድ አዳራሽ ከነበረው ወንበር ከግማሽ በላይ ተነቀለ። ዜናውን ሳነብ ደስ አለኝ። የተነቀለው ወንበር ሰው ይቀመጥበት እንደነበር አላሰብኩም።

ያደግሁት መርካቶ ነው፤ ሲኒማ ቤታችን ሲኒማ ራስ ነበር። ስለ ሲኒማ ራስ ያወራሁትን ያህል ስለ ሌላ ነገር ያወራሁ አይመስለኝም። አክተሩ ብቅ ሲል የሚነሳውን ጭብጨባ፣ ወንበዴው ሲያደባበት «ዙር! ከኋላህ ነው!» እያልን መጮኻችንን፣ በየወንበሩ ሥር የሚከመረውን የሱፍ ገለባ፣ የህንዱ ዘፈን ሲጀምር ቃሉን ሳናውቀው አብረን መዝፈናችንን። ፊልሙ ሲበጠስ ወይም ምስሉ ሲደበዝዝ ደግሞ መላው አዳራሽ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ያፏጫል፤ «ኦፕሬተር! ኦፕሬተር!» ይባላል። በትንሿ መስኮት በኩል የኦፕሬተሩ ጥላ ሲንቀሳቀስ ይታየናል፤ ብርሃኑ ይመለሳል፤ እንደገና ጭብጨባ። እዚህ አገር ለተወለዱ ልጆችም፣ ፊልም ለሚወዱ አሜሪካውያን ባልደረቦቼም ይህን ስነግር «ሲኒማ ማለት ያ ነበር» ብዬ ነው የምጨርሰው።

ስናገር የዘለልኩት ብዙ ነው። የፊልሙ ቅጂ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በስንት አገር ማሽን ውስጥ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከላይ እስከ ታች የተጫረ፣ የተበጠሰበት ሁሉ እየተቆረጠ የተቀጠለ። አንድ ሰው በር ሲያንኳኳ እናያለን፤ ሳይከፈትለት ውስጥ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ድምፁ ታፍኖ ስለሚወጣ ታች የምንቀመጠው ንግግሩን አንለየውም ነበር። ቋንቋውን ስለማናውቀው ግን የጎደለብን ነገር መኖሩም አልተሰማንም።

ይህ ቀላሉ ነው። የሚከብደኝ «ሁላችንም» እያልኩ ስናገር ማንን ማለቴ እንደነበር ማሰቡ ነው። እህቶቼ እዚያ አልነበሩም። ሲኒማ ራስ የወንድ ልጅ ቦታ ነበር፤ ሴት ልጅ ከመጣች ከወንድሟ ጋር ተጣብቃ ነው፣ እሱም ሆኖ ደጅ ላይ ከተሰለፈው ጎረምሳ ለከፋ አትድንም። እኔም ከተሰለፉት ውስጥ ነበርኩ። እናቴ ገበያ ደርሳ በተመለሰች ቁጥር በዚያ ደጃፍ ታልፋለች፤ አንድም ቀን ወደ ውስጥ አልዘለቀችም። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲኒማ ሲታይባት ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። እናቴ እንዲህ ያለ ፍርሃት አልነበረባትም። ቤቱ የእሷ እንዳልሆነ ግን ታውቃለች፤ የሚታየው በእንግሊዝኛ ወይም በህንድኛ ነው፣ ከሥር የሚጻፈውም እንግሊዝኛ ነው፣ ተቀማጩ ደግሞ የሚያፏጭ ጎረምሳ ነው። አዳራሹ አንድ ያደረገን እኛን ብቻ ነበር። እኔ ይህን «ሕዝብ» ብዬ ስጠራው ኖሬያለሁ።

እናቴን ሲኒማ ቤት ያስገባት እኔ የናቅሁት ማሽን ነው።

በ35 ሚሊ ሜትር የተሠሩ ሙሉ የአማርኛ ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። «ሂሩት አባቷ ማነው» በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ መጣ፤ ከዚያ በ1960ዎቹ «ጉማ»፤ ከዚያም ከረጅም ጊዜ በኋላ «አስቴር»። ጥሬ ፊልሙ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ታጥቦ የሚመለሰው ከባሕር ማዶ ነው፣ እያንዳንዱ ቅጂ ሌላ ወጪ ነው። በዚህ የሴሉሎይድ ፊልም ሥርዓት ውስጥ አማርኛ ሁልጊዜ እንግዳ ነበር። የቪዲዮ ካሜራ ይህን ሰበረው። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ውስጥ ወጣቶች በቪዲዮ የቀረጹትን ታሪክ ወደ ሲኒማ ቤት ይዘው ሄዱ፤ አዳራሾቹም በቪዲዮ ፕሮጀክተር ማሳየት ጀመሩ። የቴዎድሮስ ተሾመን «ቀዝቃዛ ወላፈን» ለማየት የነበረውን ሰልፍ ያየ ሰው አይረሳውም። ብዙም ሳይቆይ ቴዎድሮስ ራሱ ሴባስቶፖል ሲኒማን ከፈተ፣ የኃይሌ ገብረሥላሴ አለም ሲኒማ ቦሌ መንገድ ላይ ቆመ፣ ኤድና ሞል ውስጥ ማቲ መልቲፕሌክስ ተከተለ። ትልልቆቹ የፒያሳ አዳራሾችም በአማርኛ ፖስተር ተሸፈኑ።

እኔ በዚያን ጊዜ በአሊያንስና በጎተ ኢንስቲትዩት የሚታዩ የውጭ ፊልሞችን ከሚከታተሉ ጥቂት ወጣቶች አንዱ ነበርኩ። ጣሊያኖቹን እናውቃለን፣ ሩሲያውያኑን እናውቃለን። ስለ አማርኛው ስንጠየቅ መልሳችን አንድ ነበር፤ «እሱ ሲኒማ አይደለም፣ ቪዲዮ ነው»። ይህን ያልኩት ፊልሞቹን አይቼ፣ ታሪካቸውን መዝኜ አይደለም። አንዳንዶቹ በእውነት ደካሞች ነበሩ፤ ጥሩዎቹም ነበሩ። እኔ ግን በማሽኑ ፈረድኩባቸው።

እህቴ አንድ እሑድ እናታችንን ይዛ ስትነሳ አብሬ ሄድኩ። አዳራሹ በእናቶች ተሞልቷል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጅ ይዘው፣ አንዳንዶቹ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የመጡ ይመስላሉ። ፊልሙ ሲጀምር እኔ የማየው ጥቁሩን ነበር። የዚያን ጊዜ ፕሮጀክተር ጨለማን ጨለማ ማድረግ አይችልም፤ ሌሊቱ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ የፊት ጠርዝ ይሸራረፋል። ዙሪያዬ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ከንፈር ይመጠጣል፣ «ወይኔ ልጄን!» የምትልም አለች። እኔ ግራጫውን አያለሁ። ስንወጣ እናቴ ዓይኗ ቀልቶ፣ «እንዴት አገኘኸው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ምስሉ እኮ ልክ አይደለም። ጥቁሩ ሁሉ አመድ ሆኗል» አልኳት።

«እኔ የመብራቱን ነገር አላውቅም፤ የተባለውን ሁሉ ግን ሰማሁ፣ ልጄ» አለችኝ።

ያን ቀን መልስ መስሎ አልታየኝም። ዛሬ ሳስበው ሙሉ መልስ ነው። ቤታችን ቴሌቪዥን የገባው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው፤ የውጭ ፊልም ሲመጣ እናቴ «ምን አለ? ምን አለችው?» እያለች ትጠይቃለች፣ ከእኛ ከልጆቿ አንዱ እየሰለቸው ግማሹን ይነግራታል። ዕድሜዋን ሙሉ ታሪክ የሚደርሳት በሰው አፍ ተቆራርጦ ነበር። በዚያ እሑድ መካከለኛ ሳያስፈልጋት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማች። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ስለ ግራጫው ሳዝን ዋልኩ።

አሜሪካ ስመጣ ይህ ጠባዬ ተጠናከረ፤ እዚህ መሰሎቼን አገኘሁ። ስለ ብርሃን መጠን የሚከራከሩ፣ የፕሮጀክተር ሌንስ በስሙ የሚጠሩ ሰዎች አሉ። በ2005 የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ለዲጂታል ሲኒማ አንድ መለኪያ አወጡ፤ ነጩ ስክሪን በመሃሉ 48 ኒት (የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው) ያህል እንዲያበራ፣ የምስሉም ጥራት 2ኬ ወይም 4ኬ እንዲሆን። በ2009 መጨረሻ «አቫታር» ሲወጣ ሲኒማ ቤቶች ለስሪዲ ብለው ዲጂታል ማሽን በሩጫ ገዙ። በ2012 «ሆቢት» በሰከንድ 48 ፍሬም ሲታይ አየሁት፤ የተለመደው 24 ነው፤ ምስሉ ከመጠን በላይ ጠራና ተዋናዮቹ ልብስ ለብሰው የቆሙ ሰዎች ብቻ ሆነው ታዩኝ። በ2014 መጀመሪያ ፓራማውንት በአሜሪካ ውስጥ በ35 ሚሊ ሜትር ማከፋፈሉን እንዳቆመ ሲሰማ እንደ መርዶ ነበር የተቀበልኩት። ዳይሬክተሮቹ ታራንቲኖና ኖላን ለሴሉሎይድ ፊልም ሲሟገቱ የእነሱ ወገን ሆንኩ። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ በ1938 የተሠራውና በ2003 ታድሶ የተከፈተው ኤኤፍአይ ሲልቨር በ70 ሚሊ ሜትር ባሳየ ቁጥር ከፊት ከሚገኙት ነኝ። በ2023 «ኦፐንሃይመር» በትልቁ የአይማክስ ፊልም ቅጂ የታየው በዓለም ላይ በ30 ቤቶች ብቻ ነበር። አንዱ ቅጂ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 270 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነበረው። ይህን ቁጥር ለስንት ሰው እንደነገርኩ! ዋንጫ ያሸነፍኩ ያህል እኮራበት ነበር።

ስለ ኮዳክ ካርድ ያነበብኩት በዚህ መሃል ነው። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት ማነጻጸሪያ ካርድ ይልክ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። «ሸርሊ» ይሏታል። የእሷ ቆዳ ልክ ከመጣ ቀለሙ ልክ ነው ማለት ነው። ጥቁር ፊት ከዚያ መለኪያ ውጭ ነበር፤ ነጭና ጥቁር አብረው በተነሱበት ፎቶ የጥቁሩ ሰው ዓይንና ጥርስ ብቻ ይታይ የነበረው ለዚህ ነው። ያነበብኩት ስለ ፎቶግራፍ ነበር። ግን የምወደው ሴሉሎይድም ከዚያው ቤት የወጣ ኬሚስትሪ ነው። ንጹሕ፣ ሕያው፣ ሞቅ ያለ ብዬ የማወድሰው ነገር የእናቴን ቋንቋ ደጅ ላይ ከማስቀረቱም በላይ ፊቷም ታስቦበት የተሠራ አልነበረም። ይህን ካወቅሁ በኋላም ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም፤ ክርክሬን ያበላሽብኛል ብዬ።

እዚህ ላይ ግን ሁሉንም አልጥልም። የብርሃን ነገር ቅንጦት ነው የሚሉኝን ዛሬም አልቀበልም። ስክሪን ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚጠፋው በጥላ ውስጥ ያለው ነው፤ ጠይም ፊት በሌሊት ትዕይንት፣ በጎጆ ውስጥ፣ በሻማ ብርሃን። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» በደከመ ፕሮጀክተር ያየ ሰው ግማሹን ፊልም አላየውም። ስሪዲ ከነመነጽሩ ከብርሃኑ ግማሹንና ከዚያም በላይ ይበላል። ታዋቂው የፊልም አርታኢ ዋልተር መርች በ2011 ለፊልም ሐያሲው ሮጀር ኢበርት በጻፈው ደብዳቤ ስሪዲ ዓይን የማያውቀውን ሥራ እንደሚጠይቀው አስረድቷል፤ ዓይናችን የሚያተኩረው ስክሪኑ ያለበት ርቀት ላይ ነው፣ ሁለቱ ዓይኖቻችን የሚገጥሙት ግን ምስሉ ያለ በሚመስልበት ሌላ ርቀት ላይ ነው። የእኔን ራስ ምታት ያስረዳኝ እሱ ነው። በዚያው ዓመት አንድ የቦስተን ጋዜጣ አንዳንድ አዳራሾች የስሪዲውን ሌንስ ሳያነሱ ተራውን ፊልም እንደሚያሳዩበት ጻፈ፤ ሰው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ጨለማ ያያል ማለት ነው። ከአዲሶቹ የሌዘር ፕሮጀክተሮች ምርጦቹ በተቃራኒው ጥቁሩን በእውነት ጥቁር አድርገው፣ በጥቁሩ ውስጥ ያለውን ፊት ግን ሳያጠፉ ያሳያሉ። በዶልቢ አዳራሽ 108 ኒት ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ስክሪን ላይ የእኛን ፊት ሳይ የምወደው ሴሉሎይድ ይህን አሳይቶኝ እንደማያውቅ አምናለሁ።

ታዲያ ማሽኑ ከተሻለ ለምን በሄድኩበት ሁሉ የተበላሸ ምስል ይገጥመኛል? ለዚህ ጥያቄ የነበረኝ መልስ «ኦፕሬተሩን ስላባረሩት» የሚል ነው። እውነትነት አለው። ዛሬ ፊልሙ ሰርቨር ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ኮምፒውተሩ መብራት ያጠፋል፣ ማስታወቂያውን ያስኬዳል፣ ፊልሙን ይጀምራል። በማሽን ክፍሉ ሰው የለም። ምስሉ ከስክሪኑ ጠርዝ ቢፈስ፣ የአንዱ ወገን ስፒከር ዝም ቢል የሚያይ የለም።

ግን አዳራሹ ውስጥ እኔ ነበርኩ።

አንድ መልቲፕሌክስ ውስጥ ነው፤ ፊልሙ ገና ሲጀምር ምስሉ ደብዛዛ እንደሆነ ገባኝ። ምን እንደተበላሸ እንኳ ገምቻለሁ። ከእኔ ርቀው እዚህም እዚያም የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች አሉ። ወንበሬ ተዘርግቷል፣ እግሬ ተሰቅሏል። ለመናገር መነሳት፣ ረጅሙን ኮሪደር መሄድ፣ ፈንዲሻ የሚሸጠውን ልጅ ማስረዳት፣ እሱ ደግሞ ኃላፊውን እስኪጠራ መጠበቅ አለ። አንዱ ይነሳል ብዬ ጠበቅሁ። ሌሎቹም የሚጠብቁት ይህንኑ ሳይሆን አልቀረም። ማንም አልተነሳም፤ ፊልሙ ከነመደብዘዙ አለቀ። ቤቴ ገብቼ ረጅም ቅሬታ በስልኬ ጻፍኩ፤ ስለ ሌንሱ፣ ስለ ኒቱ፣ ስለ ኦፕሬተሩ። ስለ መቀመጤ አልጻፍኩም። እንዲህ ያለው ነገር ከዚያ በኋላም ደርሶብኛል፤ ከዚያ በኋላም ተቀምጫለሁ።

ሲኒማ ራስ ውስጥ ያ ምስል አምስት ደቂቃ አይቆይም ነበር። ኦፕሬተሩ ከእኛ የተሻለ ዓይን ስለነበረው አይደለም፤ አንዳንዴ እሱም ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነው። አዳራሹ ያፏጫል። ፉጨቱ የማሽኑ አንድ ክፍል ነበር ማለት እችላለሁ፤ ያ አሮጌ ፕሮጀክተር በዚያ ሁሉ ጭረትና ቅጥያ እየሠራ የቆየው የሚያፏጭለት ሕዝብ ስለነበረ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ነገር አንድ ላይ ተመኘሁ፤ እንከን የሌለው ምስልና ሰው የሌለበት አዳራሽ። ሁለተኛው ሲሳካልኝ የመጀመሪያውን የሚጠብቅልኝ ጠፋ። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ቢያፏጭ ማን ይሰማዋል? ለመልቲፕሌክሶቹ ባለቤቶች ይህ ተመችቷቸዋል፤ የተበታተነ ተመልካች አይጮህባቸውም። እኔ ሌላ ሰው ከበተናቸው ሳይሆን በፈቃዳቸው ከተበተኑት ወገን ነኝ።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ለመጻፍ የከበደኝም እሱ ነው።

እዚህ አካባቢ በነበረ አንድ የአፍሪካ ፊልሞች ዝግጅት ላይ ነበርኩ። አዳራሹ ጥሩ ነው፣ ምስሉ ጥሩ ነው። ፊልሙ የሌላ አፍሪካ አገር ነው፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ከሥር ይሄዳል። ከኋላዬ አንዲት ትልቅ ሴትና ልጃቸው ተቀምጠዋል። ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ ትነግራቸዋለች፤ «አባትየው አይሆንም አላት… እሷ ደግሞ እሄዳለሁ አለች…»። እሳቸውም «እሰይ!» ይላሉ፣ «አይ ጉድ» ይላሉ። ዙሪያችን ያሉት ፈረንጆች ምን ይሉን ብዬ ፊቴ ጋለ። ዞር አልኩና፣ «እማማ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ዝም ቢሉ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ ይቅርታ» አሉኝ። ልጅቱም ዝም አለች። የቀረውን ፊልም አንድም ቃል ሳይሰሙ ተቀምጠው ጨረሱ። እኔ ምስሉን በሚገባ አየሁት።

ፈረንጆቹ ምንም አላሉም ነበር። ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ ያፈርኩትም በእናቴ ነው።

ይህ ከሆነ ወዲህ ስለ አንድ ነገር ሳነብ ቆይቻለሁ። በ2016 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ባወጣው ደንብ ዲጂታል ሲኒማ ቤቶች መስማት ለማይችሉ ሰዎች ጽሑፍ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ማየት ለማይችሉ ደግሞ ትዕይንቱን የሚተርክ የጆሮ ማዳመጫ እንዲያቀርቡ ተገድደዋል። ጠይቆ የሚወስድ ጥቂት ሰው ነው እንጂ እኔ በምሄድባቸው ቤቶች ከትኬት መቁረጫው ኋላ ተደርድሮ አያለሁ። ዲጂታሉ ፊልም እስከ 16 የድምፅ ቻናል መያዝ ይችላል፤ በተለመደው አሠራር ሰባተኛው ጆሯቸው ለደከመ ሰዎች የጎላ ንግግር የሚተላለፍበት ነው፣ ስምንተኛው ትረካው የሚሄድበት ነው። አዳራሹ የሚሰማው ሌላውን ነው፤ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ብቻ ይህን ይሰማል። ብዙ ትናንሽ ፊልሞች ትረካ ሳይጫንባቸው ስለሚመጡ ስምንተኛው ቻናል ባዶውን ይሄዳል። በሴሉሎይድ ዘመን በአንድ ቅጂ ላይ ይህን ሁሉ መጫን አይታሰብም ነበር። በዚያ ባዶ ቻናል አማርኛ ቢጫን ያቺ ሴት ሙሉውን ፊልም ይሰማሉ፤ ማንም ዞሮ አይቆጣቸውም። «እሰይ!» ማለታቸውን ግን ማንም ሊከለክላቸው አይገባም።

ተለውጫለሁ ብዬ አልጽፍም፤ አሁንም የምሄደው ማክሰኞ ነው፣ ካርታውንም አያለሁ። ነገር ግን ምስል ሲበላሽ ተነስቼ መውጣት ጀምሬያለሁ፤ ኮሪደሩ እንዳሰብኩት ረጅም አይደለም። በሚመጣው የአፍሪካ ፊልሞች ዝግጅት ፊልሙን ለሚያሳይ አንድ ወጣት የፊልም አዘጋጅም በባዶው ቻናል አማርኛ እንጫን ብዬ ጽፌለታለሁ። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ፤ የሚያነቡትም ሬዲዮ ላይ የሠሩ፣ ድምፃቸው የሚሰማ አንዲት እናት ናቸው፣ እሺ ብለውኛል። እሱ ደግሞ ፋይሉን ከማሳያው ሁለት ሳምንት ቀድሞ መላክ ይኖርበታል፤ ቻናሉን የሚጭነው ባለሙያ ከአዳራሹ ማሽን ጋር መስማማቱን አስቀድሞ መሞከር እንዳለበት ነግሮኛል።